የባሕር ሞዴል በ1 ሚሊ ግራም እየተሳሳተ 0.2 ቢል ይታመናል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የፍሳሽ ማጣሪያዎች ወደ ባሕር የሚለቁትን ናይትሮጅን ይቀንሱ ወይስ አይቀንሱ ብሎ የሚመክር ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ሙያዬ ሌላ ነው። የቀረበልን የኮምፒውተር ሞዴል ሪፖርት፣ ናይትሮጅኑ ቢቀነስ በባሕሩ ታችኛው ውሃ ያለው ኦክስጅን በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ይጨምራል ይላል። እዚያው ሪፖርት ውስጥ ግን ሞዴሉ ከልኬት ጋር ሲነጻጸር 1 ሚሊ ግራም ያህል እንደሚሳሳት ተጽፏል። ከስህተቱ 5 ጊዜ ያነሰ ቁጥር እንዴት ይታመናል? ይህ ዝም ብሎ ግምት አይደለም ወይ?»

ጥሩ ቦታ ላይ ነው ጣትዎን ያሳረፉት። አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ 0.2ው ሊታመን ይችላል፣ ላይታመንም ይችላል። የሚወስነው ግን የስህተቱ መጠን አይደለም። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ነው። ረጅሙ መልስ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሒሳብም አለበት፤ ግን ከመደመርና ከማካፈል ብዙም አይዘልም።

መጀመሪያ ነገሩ ራሱ። ከእርሻ ማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ባሕር ሲገባ አልጌ ይመግባል። አልጌው ይራባል፣ ይሞታል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ታች ያሉ ባክቴሪያዎች እሱን ሲያበሰብሱ ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ነፋስ ውሃውን ቢያማስለው ከላይ አዲስ ኦክስጅን ይወርድ ነበር። በሞቃት ወራት ግን ላይኛው ውሃ ይሞቃል። ከወንዝ የገባው ጨው የሌለበት ውሃም ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል። ቀዝቃዛውና ጨዋማው ውሃ ከታች ይቀራል። በሁለቱ መካከል ክዳን የተገጠመ ያህል ነው። ከክዳኑ በታች ያለው ኦክስጅን በሊትር ከ2 ሚሊ ግራም ሲያንስ ብዙ ተመራማሪዎች አካባቢውን «የሞተ ቀጣና» ይሉታል። መዋኘት የሚችለው ዓሣ ይሸሻል። መሸሽ የማይችለው፣ ጭቃ ውስጥ የሚኖረው ትልና ቀንድ አውጣ፣ እዚያው ይቀራል።

አሁን ሒሳቡን በእጅ እንሥራው። ሞዴል ማለት በመሠረቱ ይኸው ሒሳብ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ነው። ከክዳኑ በታች ያለው ውሃ 5 ሜትር ውፍረት አለው እንበል። ጭቃው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በቀን 1 ግራም ኦክስጅን ይስባል። ይህ ለ5 ሜትር ውሃ ሲካፈል በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ባክቴሪያዎች ደግሞ 0.1 ይወስዳሉ። በድምሩ በቀን 0.3። ወቅቱ ሲጀምር 8 ሚሊ ግራም ካለና ከላይ ምንም ካልወረደ፣ 2 ላይ ለመድረስ 20 ቀን ይፈጃል።

ክዳኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ታችኛው ውሃ 2.5 ሜትር ብቻ ቢሆንስ? የጭቃው ድርሻ እጥፍ ሆኖ 0.4 ይደርሳል። ድምሩ 0.5 ይሆናል። 20 ቀኑ 12 ቀን ሆነ ማለት ነው። ልብ ይበሉ፦ ናይትሮጅኑ አልተነካም። ባክቴሪያውም ያው ነው። የተለወጠው የክዳኑ ቦታ ብቻ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ካለው 1 ሚሊ ግራም ውስጥ ብዙው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ነገር ነው። ሞዴሉ ባሕሩን በሳጥን በሳጥን ይከፋፍለዋል። አንዱ ሳጥን ወደ ጎን ብዙ መቶ ሜትር፣ ወደ ታች አንድ ወይም ሁለት ሜትር ሊሆን ይችላል። ለዚያ ሁሉ ውሃ የሚሰጠው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ሴንሰሩ የሚለካው ደግሞ ከጭብጥ የማይበልጥ ውሃ ነው። ክዳኑ አካባቢ በአንድ ሜትር ልዩነት ኦክስጅኑ ከ6 ወደ 3 ሊወርድ ይችላል። ሞዴሉ ክዳኑን አንድ ሳጥን ከፍ ወይም ዝቅ ካደረገው፣ ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ እንኳ በዚያች ነጥብ ላይ ትልቅ ስህተት ይመዘገብበታል።

ልኬቱም ቢሆን ከስህተት ነፃ አይደለም። መሣሪያው ራሱ አያስቸግርም። በ1888 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ላዮሽ ዊንክለር የተባለው የሃንጋሪ ኬሚስት ያወጣው የኦክስጅን ልኬት ዘዴ ዛሬም ሴንሰር ማረጋገጫ ሆኖ ያገለግላል፤ ስህተቱም ከ0.1 በታች ነው። ችግሩ ያለው መርከቡ ላይ ነው። ሴንሰሩ በገመድ ሲወርድ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰካ ከጭቃው በላይ ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ሲቀር ይቆማል። ኦክስጅን የሚያልቀው ግን በዚያች ባልተለካችው የመጨረሻ ሜትር ነው። ስለዚህ «ሞዴሉ ዝቅ አድርጎ ገመተ» ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሴንሰሩ የት ላይ እንደቆመ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የእርስዎ 0.2 ሚሊ ግራም አንድ ትንበያ አይደለም። የሁለት ትንበያዎች ልዩነት ነው። ሞዴሉ አንድ ጊዜ ናይትሮጅኑ እንዳለ ሆኖ፣ ሌላ ጊዜ ተቀንሶ ተሠርቷል። ነፋሱ፣ ወንዙ፣ ሞገዱ በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ክዳኑ በመጀመሪያው ሥሪት አንድ ሜትር ከተሳሳተ በሁለተኛውም ያንኑ ያህል ይሳሳታል። አንዱን ከሌላው ሲቀንሱ የጋራው ስህተት በአብዛኛው ይጣፋል። ሞዴል ሠሪዎች «ልዩነቱ ከቁጥሩ ይልቅ ይታመናል» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ልክ ናቸው። ግን እስከ የት ድረስ?

ይህንን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሁለቱ ሥሪቶች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊ ግራም የሚሳሳቱ ከሆነና ስህተታቸው ምንም ካልተዛመደ፣ የልዩነቱ ስህተት 1.4 ይሆናል። ዝምድናው (0 ማለት ምንም አለመዛመድ፣ 1 ማለት ፍጹም አንድ መሆን ነው) 0.9 ከሆነ ወደ 0.45 ይወርዳል። 0.98 ሲደርስ ልክ 0.2 ይሆናል፤ ማለትም ከሚፈልጉት ቁጥር ጋር እኩል። 0.99 ከሆነ 0.14 ነው። ስለዚህ 0.2ው ትርጉም እንዲኖረው የሁለቱ ሥሪቶች ስህተት ተመሳሳይ ብቻ ሳይሆን መንትያ ሊሆን ይገባል።

እዚህ ላይ ነው እኔን ሁሌም የሚያሳስበኝ ነገር ያለው። ያንን ዝምድና ማንም ለክቶ አያውቅም። ሊለካም አይችልም። ናይትሮጅን የተቀነሰበት ባሕር ገና የለም፤ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ፒዩጀት ሳውንድ የሚባለውን የባሕር ሰርጥ ይውሰዱ። እዚያ የቆየው ደንብ፣ ኦክስጅኑ በተፈጥሮ ዝቅ ባለበት ቦታ የሰው ሥራ ሁሉ ተደምሮ ከ0.2 ሚሊ ግራም በላይ ዝቅ እንዳያደርገው ይል ነበር። «በተፈጥሮ» የነበረውን ግን የለካ የለም። የሚገኘው ሞዴሉ ውስጥ የሰውን ናይትሮጅን አጥፍቶ በማስላት ነው። እርስዎ ያነሱት ክርክር እዚያም ለዓመታት የቆየ ነው።

የጋራ ስህተት መቼ ነው የማይጣፋው? ስህተቱ ራሱ ናይትሮጅን በሚነካው ቦታ ላይ ሲሆን ነው። ይህንን የተማርኩት በራሴ ሥራ ላይ ነው። አንድ ሞዴል ከልኬት ጋር ሳስተካክል ሁለት የተለያዩ የቁጥር ስብስቦች አገኘሁ። በአንዱ ዋናው በላተኛ ጭቃው ነው። በሌላው ውሃው ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለቱን መስመሮች ደራርቤ ሳያቸው አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ሁለቱም ከልኬቱ ጋር እኩል ይገጥማሉ። ስህተታቸው እኩል ነው። የትኛው እውነት እንደሆነ ግን መስመሩ አይነግረኝም።

በቅድሙ ሒሳብ ላሳይዎ። ሞዴል «ሀ» ጭቃው በቀን 0.2፣ ውሃው 0.1 ይወስዳሉ ይላል። ሞዴል «ለ» ጭቃው 0.05፣ ውሃው 0.25 ይላል። ድምራቸው ያው 0.3 ነው። አሁን ናይትሮጅኑን ቀንሰን ከላይ የሚሰምጠውን አልጌ በ40 በመቶ እንቀንስ። የውሃው ባክቴሪያ ምግቡ ሲቀንስ በሳምንታት ውስጥ ፍጆታው ይቀንሳል። ጭቃው ግን የዓመታት ክምችት አለው፤ በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልተለወጠም ብለን እንውሰድ። በ«ሀ» የውሃው ድርሻ 0.06 ይሆናል፤ ድምሩ 0.26። በ«ለ» የውሃው ድርሻ 0.15 ይሆናል፤ ድምሩ 0.20። ከ8 ወደ 2 ለመውረድ «ሀ» 23 ቀን ይወስዳል፣ «ለ» 30 ቀን። ከዚያ በፊት ሁለቱም 20 ቀን ነበሩ። ያለፈውን እኩል የተናገሩ ሁለት ሞዴሎች ስለ ወደፊቱ ተለያዩ። ሪፖርቱ ላይ ያለው 1 ሚሊ ግራም ስለዚህ ልዩነት ምንም አይናገርም። 0.1 ቢሆን እንኳ አይናገርም።

ታዲያ ሞዴሉን ማወሳሰብ መፍትሔ ይሆናል? ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ባለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በርካታ ሞዴሎች ጎን ለጎን ተፈትነው ነበር። አንዳንዶቹ አልጌውን፣ ናይትሮጅኑን፣ ጭቃውን ሁሉ ያሰላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ኦክስጅን በቀን ይህን ያህል ይበላል ብለው አንድ ቁጥር ብቻ ያስገባሉ። ኦክስጅኑን በመገመት ቀላሎቹ ከውስብስቦቹ ብዙም አላነሱም። ምክንያቱም የወቅቱን ውጣ ውረድ በአብዛኛው የሚመራው ክዳኑና ነፋሱ ነው። ግን ልብ ይበሉ፦ ቀላሉ ሞዴል ናይትሮጅን የሚባል ነገር ውስጡ የለም። «ናይትሮጅን ቢቀነስስ?» ብለው ቢጠይቁት ዜሮ ይመልሳል። ያለፈውን በደንብ መድገም አንድ ነገር ነው። ለለውጥ በትክክል መልስ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ሪፖርቶች የሚያሳዩን የመጀመሪያውን ነው፤ ኮሚቴዎች የሚፈልጉት ሁለተኛውን።

ሌላም የስህተት ዓይነት አለ። ይኸኛው ሞዴሉ ውስጥ ሳይሆን ሞዴሉ እንደ እውነት የተቀበለው ነገር ውስጥ ይደበቃል። ቼሳፒክን ትንሽ ልቆይበት። ወደ ሰላጤው ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ሳስኩሃና ነው። እሱ ላይ በ1928 የተሠራ ኮኖዊንጎ የሚባል ግድብ አለ። ግድቡ ለአሥርተ ዓመታት ደለሉንና ከደለሉ ጋር የተጣበቀውን ንጥረ ነገር ሲያስቀር ኖሯል። በ2010 የሰላጤው የብክለት ጣሪያ ሲወሰን ግድቡ ቢያንስ እስከ 2025 እንደዚያው ማስቀረቱን ይቀጥላል ተብሎ ተወሰደ። ከዚያ በተደረጉ ጥናቶች ግድቡ በደለል ሞልቶ የማስቀረት አቅሙን ማጣቱ ታወቀ። ውጤቱ ሲሰላ በዓመት ተጨማሪ 6 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ናይትሮጅን፣ ማለትም ወደ 2.7 ሚሊዮን ኪሎ ግራም፣ መቀነስ ያስፈልጋል ተባለ። የትኛውም የስህተት ሠንጠረዥ ይህንን አላሳየም። ሊያሳይም አይችልም ነበር። ሠንጠረዡ የሚለካው ያለፈውን ነው፤ ባለፈው ደግሞ ግድቡ ይሠራ ነበር።

የወንዙ ጭነት ራሱስ? ይህንን ቶሎ ልለፈው። የዓመቱ ናይትሮጅን ትልቅ ክፍል የሚገባው በጥቂት የጎርፍ ቀናት ነው። በወር አንድ ጊዜ ናሙና የሚወስድ ሰው እነዚያን ቀናት በቀላሉ ያልፋቸዋል። ከርሰ ምድር ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ደግሞ ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው ወንዝ የሚደርሰው። ዛሬ እርሻው ላይ የተቀነሰው ነገ ባሕሩ ላይ አይታይም።

«ያለፈውን ሳይሆን ለውጡን ፈትኑ» ስል እንዴት እንደሆነ መናገር አለብኝ። አንዱ መንገድ ተፈጥሮ ራሷ የሠራቻቸውን ሙከራዎች መጠቀም ነው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ አፍ ወጣ ብሎ ያለው የሞተ ቀጣና ከ1985 ጀምሮ በየበጋው ማለት ይቻላል ይለካል። ድርቅ በነበረበት በ1988 ከተገኘው ሁሉ ትንሹ ነበር፤ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል። በ2017 ደግሞ ወደ 22,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ሞዴልዎ እንዲህ ያለውን የዓመት ከዓመት ልዩነት ከተከተለ ለለውጥ መልስ መስጠት እንደሚችል አንድ ምልክት ነው። አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ዝናባማ ዓመት ናይትሮጅኑን ብቻ ይዞ አይመጣም። ጨው የሌለበትን ውሃም ይዞ ይመጣል፤ ያ ደግሞ ክዳኑን ያጠነክረዋል። ሞዴሉ መጠኑን ያገኘው በናይትሮጅኑ ነው ወይስ በክዳኑ? ወንዙን ሳይቀንሱ ናይትሮጅንን ብቻ የሚቀንስ ማጣሪያ ሊሠሩ ነውና ለእርስዎ ይህ ጥያቄ ወሳኝ ነው።

እዚያው ሰላጤ ላይ በየዓመቱ የሚወጣው ትንበያ ሌላ ትምህርት አለው። አንድ ሞዴል ብቻ አይደለም የሚጠቀሙት። በተለያዩ ተቋማት የተሠሩ ሞዴሎችን አንድ ላይ አድርገው አማካዩን ከነልዩነቱ ያወጣሉ። በ2020 ትንበያው 17,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የተለካው 5,500 ገደማ ሆነ። ሞዴሎቹ ስለ ናይትሮጅን ተሳስተው ነው? አይደለም። ከልኬቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሃና የሚባል አውሎ ነፋስ አልፎ ክዳኑን አማስሎታል። በ2021 ደግሞ በተቃራኒው የተለካው ከተተነበየው በለጠ። የአንድ ዓመት ትንበያ ሳተ ተብሎ የናይትሮጅኑ ሳይንስ ወደቀ አይባልም። የአንድ ዓመት ትንበያ ስለተሳካም ሳይንሱ ተረጋገጠ አይባልም።

ሌላው ትልቅ የተፈጥሮ ሙከራ ጥቁር ባሕር ነው። ከ1990 ገደማ በኋላ የምሥራቅ አውሮፓ ኢኮኖሚ ሲናድ የማዳበሪያ አጠቃቀም ወደቀ። በሰሜን ምዕራቡ ጥልቀት የሌለው ክፍል የኦክስጅን እጥረቱ ቀነሰ፣ ባሕሩ አገገመ ተባለ። በኋላ ግን አንድ የሞዴል ጥናት ጥያቄ አነሳ። በእነዚያ ዓመታት ልኬቱም ቀንሶ ነበር። የቀረው ልኬት እጥረቱ በሚበረታበት ቦታና ወር ላይ አልነበረም። ሁኔታውን የተሻለ ያስመሰለው የባሕሩ ለውጥ ብቻ ሳይሆን በከፊል የልኬቱ ቦታና ጊዜ ነበር። እኔ ይህንን ጥናት እወደዋለሁ። እርግጠኛ አለመሆን የሞዴል ብቻ ሳይሆን የልኬትም ዕዳ መሆኑን ያሳያል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት መያዝ እንደሚችልም ጭምር።

አሁን ወደ ኮሚቴዎ ልመለስ። ከሪፖርቱ አዘጋጆች የምጠይቀው የመጀመሪያ ነገር 0.2ውን ብቻ ሳይሆን 0.2ው የተገኘባቸውን ሌሎች ሥሪቶች ነው። ከልኬቱ ጋር እኩል የሚገጥሙ ግን ጭቃውንና ውሃውን በተለያየ መጠን የሚያስበሉ፣ ከላይ እንዳየናቸው «ሀ» እና «ለ» ያሉ ሥሪቶች ተሠርተዋል ወይ? ልዩነቱ በሁሉም ላይ ከ0.15 እስከ 0.25 ከሆነ እኔ በበኩሌ አምነዋለሁ፤ 1 ሚሊ ግራሙ እንቅልፍ አይነሳኝም። ከ0.02 እስከ 0.6 ከተዘረጋ ግን ያው 0.2 አማካይ ከመሆን አያልፍም። አንድ ሥሪት ብቻ ከሆነ የተሠራው፣ መልሱ ገና አልመጣም ማለት ነው።

በ«ሀ» እና «ለ» መካከል የሚዳኝ መሣሪያ መኖሩንም ይወቁ። ውስብስብ አይደለም። ታቹ ክፍት የሆነ ሳጥን ነው። ጠላቂ ወይም ገመድ ቀስ ብሎ ጭቃው ላይ ያስቀምጠዋል። ጠርዙ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ውሃውን ይዘጋል። ውስጡ ያለ ሴንሰር ኦክስጅኑ ለሰዓታት ሲወርድ ይመዘግባል፤ አንዲት ትንሽ ማማሰያም ውሃው እንዳይረጋ ቀስ ብላ ትዞራለች። መስመሩ የሚወርድበት ፍጥነት ጭቃው ስንት እንደሚበላ ይነግራል። ጎን ለጎን የታችኛውን ውሃ ጨለማ ጠርሙስ ውስጥ ዘግተው ያንኑ ይለካሉ። ሁለቱ ቁጥሮች በወቅቱ ውስጥ በጥቂት ቦታዎች ቢገኙ «ሀ» ወይም «ለ» ይወድቃል። ላይኛውን ውሃ በመቶ ቦታ ከመለካት ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ውሳኔውን በተመለከተ ደግሞ፦ «ሀ»ም «ለ»ም የሚስማሙበት ነገር አለ። ከ0.3 ሁለቱም ወረዱ። አቅጣጫው ላይ ጥል የለም። ጥሉ ያለው በፍጥነቱና በመጠኑ ላይ ነው። ስለዚህ «ሞዴሉ ይሳሳታልና ምንም አናድርግ» የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። «0.2 እናገኛለን» ብሎ ለሕዝብ ቃል መግባትንም እንዲሁ አልቀበለውም። የ«ሀ» ዓይነት ባሕር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው። ቃል የተገባለት ሰው በሦስተኛው ዓመት «ገንዘባችን የት ገባ?» ይላል፤ መብቱም ነው። ቅነሳውን በደረጃ መሥራት፣ ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት ሞዴሉ ምን ይታያል ብሎ እንደተነበየ በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ከልኬት ጋር ማስተያየት ይሻላል። ትንበያው ስቶ የሚገኝ ሞዴል በሚቀጥለው ደረጃ ይታረማል።

አንድ አስቸኳይ ነገር ግን አለ። የማጣሪያው ሥራ ከተጀመረ በኋላ የቀድሞውን ሁኔታ መለካት አይቻልም። አንድ ሞቃት ወቅት አይበቃም፤ ነፋሱና ወንዙ በየዓመቱ ይለያያሉና ቢያንስ ሦስት አራት ወቅት ይፈልጋል። የማጣሪያ ዲዛይንና ግንባታም ዓመታት ስለሚወስድ ጊዜው አለ፤ ልኬቱ አሁን ከተጀመረ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከ0.2ው በፊት ይህንን ይጠይቁ፦ ሳጥኖቹ ጭቃው ላይ የሚቀመጡት መቼ ነው?